ወስጃለሁ ያልኩበት ጠዋት

ሠላሳ ሦስት ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት፣ ቢሮ ተቀምጠው ማኅተም ከሚመቱት፣ ገበያ ላይ ኮረሪማ ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ በእኔ ፊሽካ ሜዳ ዞረዋል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ስሜ አድማሱ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ከጀርባዬ "ጋሽ ፊሽካ" ነበር የሚሉኝ። እንደማላውቅ እሆን ነበር እንጂ ስሙን እወደው ነበር። የማልወደው "ደከመኝ" የሚል ልጅ ነው። "ድካም ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፤ ሩጥ!" እል ነበር። ይህን አባባሌን ያዙልኝ፤ በኋላ ተመልሶ እኔኑ ያገኘኛል።

ጡረታ በወጣሁ በስምንተኛው ወር እግሬ ያብጥ ጀመር። ጫማዬ አልገባ አለኝ። ቀጥሎ ከግቢያችን በር እስከ በረንዳው ድረስ ያለችው ትንሽ ዳገት ተራራ ሆነችብኝ። ባለቤቴ አስቴር እየጎተተች ጅማ ወሰደችኝ። ዶክተሩ የልጄ እኩያ ነው። መሣሪያውን ደረቴ ላይ እያንሸራተተ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "አባት፣ ልብዎ ደክሟል" አለኝ። "ደም የመግፋት ኃይሉ ቀንሷል። ስለዚህ ውኃ ሳንባዎና እግርዎ ላይ ይጠራቀማል።"

አራት ዓይነት ኪኒን አዘዘልኝ። አንዷ ትንሽ ነጭ ኪኒን ናት፤ ውኃውን በሽንት የምታስወጣው እሷ ናት። "ይህቺን አንድም ቀን እንዳይዘሉ። ጨው ይተዉ። ደግሞ ይራመዱ" አለኝ።

"ልብህ ደክሟል እያሉኝ ልራመድ?"

"ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ ብለው። እየተራመዱ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ደህና ነዎት። ማውራት ሲያቅትዎ ወዲያው ይቁሙ።"

ሰማሁት፣ ግን አልተራመድኩም። ፈራሁ። ሦስት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የልቤን ምት ሳዳምጥ ዋልኩ። አስቴር ለጎረቤት ስታወራ "ሰውዬው እኮ በቁሙ ተቀበረ" ስትል ሰምቻታለሁ፤ እውነቷን ነበር።

ከዚያ ሰይድ መጣ። ሰይድ ከወሎ በወጣትነቱ ከአጎቱ ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው። ጉልበቱ ሲነሳ ሲቀመጥ ይንቋቋል፤ አፉ ግን እረፍት አያውቅም። አንድ ጠዋት የልጁን እስኒከር ተጫምቶ በራችን ላይ ቆመ።

"ተነስ" አለኝ።

"ወዴት?"

"ዶክተሩ እያወራህ ሂድ ብሎሃል አይደል? ከእኔ የባሰ ወሬኛ ከየት ታገኛለህ?"

እንዲህ ጀመርን። ሁልጊዜ ጠዋት የአስፋልቱን ሜዳ ሜዳ እንይዛለን። ገና ሰላም ሳይለኝ "ወስደሃል?" ይለኛል፤ ኪኒኑን ማለቱ ነው። "ወስጃለሁ" እላለሁ። ከዚያ ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። መልሴ ከዘገየ እጅጌዬን ይዞ ያቆመኛል። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ሞቱት ጓደኞቻችን ሁሉ አወራን። በአምስት ወር ውስጥ እግሬ ጎደለ፣ ቀለሜ ተመለሰ። ጫማዬም ገባልኝ። እውነቱን ልናገርና ያኔ ከበሽታው ይልቅ ጎጂዬ የሆነው ይሄው መሻሻሌ ነበር፤ ያ የድሮው ጋሽ ፊሽካ ተመልሶ መጣብኝ።

አንድ ቀን ለቀብር ወደ ዋጫ ስንሄድ ጠዋት ያቺን ነጭ ኪኒን ውጬ ነበር። ሚኒባሱን ለሽንት ሦስት ጊዜ አስቆምኩት። በሦስተኛው ሹፌሩ፣ ድሮ ያስተማርኩት ነው፣ በመስታወቱ እያየኝ "ቲቸር፣ ዛሬ ፊሽካውን ማን ነው የሚነፋብዎት?" አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ልጆቹን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ በፊሽካ ያስፈቅድ የነበረ ሰው ቁጥቋጦ ስር ቆሞ ሲታይ ውስጤ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ሲኖርብኝ ያቺን ኪኒን ሳልነግር መዝለል ጀመርኩ። አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ሌላም ጊዜ ዘለልኩ።

በጥቅምት መጨረሻ ከተወለድንበት መንደር ከማንኪራ እህቴ ወርቅነሽ ደወለች። ታላቄ ናት። አባታችን እዚያ ጫካ ውስጥ ኮቦ ነበረው። ኮቦ የምንለው ከአባት ለልጅ የሚወርድ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የጫካ ድርሻ ነው። ታላቅ ወንድማችን ከሞተ ወዲህ ግን ቀፎ የሰቀለበት የለም።

"አድሜ፣ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል" አለችኝ። "ቀፎ የሌለበት ጫካ ባለቤት የለውም እያሉ ነው። ልጄ ታደሰ ሦስት ቀፎ አዘጋጅቷል። የአባታችን ወንድ ልጅ ቆሞ ቢያሰቅል አፍ ይዘጋል።"

"እመጣለሁ" አልኳት። አንድ ደቂቃም አላሰብኩ።

አስቴር ፊቷ ተለዋወጠ። "ያ ሁሉ ዳገት... ሰይድ አብሮህ ከሄደ ብቻ ነው" አለች። ሰይድ አርባ ዓመት ሊሞላው ቦንጋ ሲኖር ጫካ ገብቶ አያውቅም። እንደ ሕፃን ደስ አለው።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ተገናኘን።

"ወስደሃል?"

"ወስጃለሁ።"

አልወሰድኩም ነበር። የሁለቱ ቀን ነጫጭ ኪኒኖች በወረቀት ተጠቅልለው የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። የዛሬዋን እህቴ ቤት ስደርስ እውጣታለሁ ብዬ ነው። መኪና እስከሚደርስበት በሚኒባስ ሄደን ቀሪውን በእግር ቀስ ብለን ደረስን። ሜዳማ ስለነበር እያወራሁ ነው የገባሁት። ቤቱ ግን በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። ግማሹ ተማሪዬ ነበር። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከጓሮ ማዶ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ታልፎ ነው የሚደረሰው። ማታ እውጣታለሁ አልኩ። ማታም አልዋጥኳትም።

እህቴ ከቡና ቅጠል፣ ከሚጥሚጣና ከጨው የሚፈላውን መጠጥ በእጇ ቀድታ ሰጠችኝ። ሀገራችን ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበውን ያውም ከታላቅ እህት እጅ አልቀበልም አይባልም። ጠጣሁ። ደገመችኝ። ጎረቤትየዋም "የእኔንስ?" አለች። ሦስት ስኒ ሆነ። ከዚያ ቆጮ በጎመን መጣ፣ ማርም መጣ። ሰይድ ጎኔን ነካ አድርጎ በጆሮዬ፣ "ጨው አለው እኮ" አለኝ።

"ትንሽ ነው" አልኩት።

ሲመሽ ስተኛ የታፈንኩ መሰለኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ነው ያነጋሁት። ቁንጫ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጠዋት ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ እግሬ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ሠርቶ ነበር። አየሁት። አላየሁም እንዳልል አይቼዋለሁ። የሱሪዬን እግር ወደታች ጎተት አድርጌ ሸፈንኩትና ወጣሁ።

ሰይድ ደጅ ሆኖ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

"ወስደሃል?"

እዚህ ጋ ነው ሕይወቴ የዞረችው። ፀሐይ ወጥታ፣ ዶሮ እየተንጫጫ፣ ሰዎች ቀፎ እየተሸከሙ ሳለ። "አልወሰድኩም፣ እግሬም አብጧል" ብዬው ቢሆን ጫማዬን አስወልቆ አልጋ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ታዲያ የአባታችን ወንድ ልጅ የቱ ነው ሊባል ነው?

"ወስጃለሁ" አልኩት።

"አላህ ያጽናህ" አለኝና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ።

ታደሰ፣ የእህቴ ልጅ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። እሱና ሁለት ጎረቤቶቹ ቀፎዎቹን ተሸክመው ቀደሙ። ቀፎው ከግንድ ነው የሚፈለፈለው፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ በሐረግ ይታሰራል። አንዱን መንገዳችን ላይ ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ስር አስቀመጡት። "ይሄ የነገ ነው፣ እዚችው ላይ ነው የሚሰቀለው" አለ ታደሰ። ሁለቱን ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን፣ ተሻገርን፣ ወጣን። የአባቴ ዛፍ ስር ስንደርስ ታደሰ በገመድ ተንጠልጥሎ ወጣ፤ ቀፎውን ከታች አስረው ሳቡለት። ቅርንጫፉ ላይ ሲቀመጥ አለቀስኩ። አባቴ እዚያው ዛፍ ላይ ሲወጣ ከስር ቆሜ ያየሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

"ጋሼ፣ ይመርቁን" አለኝ ታደሰ ከወረደ በኋላ። መረቅኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ አየር መሳቤን ግን ማንም ልብ አላለም። ለቅሶው ነው የመሰላቸው።

"እኛ ሁለተኛውን ሩቁ ዛፍ ላይ ሰቅለን በዚያው ቡና ለቀማ እንገባለን" አለ ታደሰ። "እናንተን አንዱ ይሸኛችሁ?"

"ምን ሆነን ነው የምንሸኘው? እዚሁ አባቴ ጫካ ውስጥ?" አልኩ በዚያ በሜዳ ድምፄ። "ሂዱ ሥራችሁን ሥሩ።"

ሄዱ። እህቴ ከታደሰ ጋር ናቸው ብላ ታስባለች፤ ታደሰ ወደ ቤት ተመለሱ ብሎ ያስባል። እንዲህ አድርጌ በገዛ አፌ ሁለታችንን ከሰው ሁሉ ለየሁ።

ቁልቁለቱን ወረድን። ወንዙን ስንሻገር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ዳገቱን ተያያዝነው። ሰይድ ከኋላዬ ሆኖ ስለ እናቱ እያወራ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያያት ስለለበሰችው ቀሚስ።

"የአንተ እናትስ? ከአባትህ ጋር ጫካ ትመጣ ነበር?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"አፍ የለህም?"

"እም..." አልኩ።

ስለ አባቴ እያሰብኩ መስሎት ጥቂት ተወኝ። እኔ በበኩሌ አሥር እርምጃ ከሄድኩ ዋርካው ጋ እደርሳለሁ እያልኩ ነው። ድካም ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፣ ድካም ጭንቅላትህ ውስጥ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱን ልጅ በዚህ ቃል እንደነዳሁት ታወሰኝ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ "ቲቸር ደረቴን ያመኛል" ብላ ሜዳው ዳር ቁጭ አለች። ፊሽካ ነፋሁባት። ተነስታ ዞረች። የት እንዳለች አላውቅም።

ሰይድ እጅጌዬን ይዞ አቆመኝ። "አድማሱ፣ ስምህን ንገረኝ።"

"አድ..." አልኩ። የቀረው አልወጣም።

ዋርካው ስር፣ ከቀፎው አጠገብ፣ እግሬ ከዳኝ። ሰይድ ሊያስተኛኝ ሲል ውኃ ውስጥ የሰመጥኩ መሰለኝ፤ በእጄ ገፋሁት። ግንዱን አስደግፎ አስቀመጠኝ። ሳልኩ። እጄ መዳፍ ላይ አረፋ ወጣ፤ ቀለሙ ደም የነካው ነበር። ሁለታችንም አየነው። ሰይድ ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ ዘረጋ፣ ጉቶ ላይ ወጣ፣ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ኔትወርክ የለም።

"ጠዋት ኪኒኑን ወስደህ እኮ ነው! እንዴት ነው ይሄ?" አለ ለራሱ እንደሚናገር።

ያኔ መሞቴን እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው ሊሞት ሲል ውሸት ይከብደዋል። "አልወሰድኩም" አልኩት።

"ዛሬ?"

ሁለት ጣት አነሳሁ።

አየኝ። ዱላ ተሰንዝሮብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ሁለት ቀን? ዓይኔን እያየህ?" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ የሚቆጣበት ጊዜ እንደሌለ ያሰበ ይመስለኛል፤ ተንበርክኮ ኪሴን ይፈትሽ ጀመር። ወረቀቱን አገኘው። ሁለቱ ነጫጭ ኪኒኖች እንዳሉ ነበሩ።

"አንዷን ነው ሁለቱንም?"

የምንጠይቀው ሐኪም የለም። ሁለት ጣት ደግሜ አነሳሁ። በያዘው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አጉረሰኝ። ለመዋጥ ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ፤ ያቺን ታህል ትንፋሽ አልነበረኝም። ግማሹ ውኃ በአገጬ ፈሰሰ። ኪኒኖቹ ግን ወረዱ።

"እሄዳለሁ፣ ሰው አመጣለሁ" አለ ሰይድ።

እጅጌውን ጨበጥኩ። ጉልበቱ የማይረባ፣ መንገዱን የማያውቅ፣ ጫካ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞ ብቻዬን መሞት ፈራሁ። ይህንን መናገር አያሳፍረኝም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ከዚያ እጁን ኪሴ ውስጥ ከትቶ ፊሽካዬን አወጣ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይዤው ነው የምዞረው፤ እሱም ያውቃል። እጄ ውስጥ አስቀመጠው።

"የሰው ድምፅ ስትሰማ ንፋ። ዕድሜህን ሙሉ በከንቱ ስትነፋው ኖረሃል፤ ዛሬ አንዴ ብቻ ለቁም ነገር ንፋልኝ።"

ሄደ። የእስኒከሩ ድምፅ፣ የጉልበቱ መንቋቋት፣ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" የሚለው ራቀ። ከዚያ ምንም የለም።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ሰዓቴ ላይ ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። ጉሬዛዎች ከላይ ቅርንጫፍ እያነቃነቁ ያልፋሉ። ትንፋሼን እቆጥር ነበር። ወደ ውስጥ ሳስገባ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ሆንኩ፤ ይንኮለኮላል። አስቴር ታወሰችኝ። ጠዋት ጠዋት ኪኒኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድራ ስትሰጠኝ ዞር እስክትል ጠብቄ አንዷን ኪሴ እከታት ነበር። ለእሷም ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ዶክተሩን፣ ሚስቴን፣ ጓደኛዬን፤ ሁሉንም ስለ አንድ የሚኒባስ ሳቅ። በስመ አብ ብዬ ለማማተብ እጄን ሳነሳ እጄ ከበደኝ። ጌታዬ፣ እንዲህ ባለ ነገር ልሙት? አልኩ። በጦርነት አይደል፣ በእርጅና አይደል፣ ሽንት አፍሮ ሞተ ልባል?

ከዚያ መጣ። ሽንቱ። ልነሳ ሞከርኩ፣ እግሬ አልታዘዝ አለ። ቀበቶዬን ለመፍታት ጣቴ አልሠራ አለ። እዚያው ተቀምጬ ሱሪዬ ላይ ለቀቅኩት። ሙቀቱ ጭኔን ሲያልፍ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ንጹሕ ልብስ የለበስኩ ሰው ነኝ። ቆይቶ ደገመኝ። ቆይቶ ደግሞ። በሦስተኛው ይመስለኛል ያስተዋልኩት፤ ትንፋሼ ከጉሮሮዬ በታች ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር። ውኃው እየወጣ ነበር። ያፈርኩበት ነገር ከተሸሸግኩበት ፈልጎ አግኝቶ ሊያተርፈኝ እየታገለ ነበር።

ድምፅ ሰማሁ። ሴቶች ናቸው፣ በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋችን፣ እየተጣሩ ነው። "ቲቸር! ቲቸር!" የሚልም ሰማሁ። ከታች በወንዙ በኩል። ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ነፋሁ። ፍስስ አለ። ውስጡ ያለችው ኳስ እንኳ አልተነቃነቀችም። ደግሜ ሳብኩ፣ ሳል ያዘኝ፣ ፊሽካው ከአፌ ወደቀ። ሳሉ ሲለቀኝ ድምፃቸው ወደ ግራ ዞሮ እየራቀ ነበር። በሌላው መንገድ እየሄዱ ነው። የእኔ ፊሽካ የእግር ኳስ ሜዳውን ተሻግሮ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን አጠገቤ ያለውን ቅጠል አላነቃነቀም።

ጠዋት ለዳገቱ ብዬ የያዝኩት ከዘራ ጎኔ ነበር። በእጄ ያዝኩት። ምን እንደማደርግ አስቤ አልነበረም፤ ተስፋ ቆርጬ፣ በንዴት፣ አጠገቤ የተጋደመውን ቀፎ መታሁት። ባዶ ነው። ጮኸ። ጫካው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ደግሜ መታሁ። አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ ልጆቹን ሜዳ በማሰልፍበት ምት። በማንኪራ ቀፎ የሚደበድብ ሰው የለም፤ ንብ የሚጠላው ነገር ነው። ያንን ድምፅ የሰማ ሁሉ የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃል። እጄ ሲዝል በሌላው እጄ መታሁ።

መጡ። ቡና የሚለቅሙ ሦስት ሴቶች፣ ቅርጫታቸው ወገባቸው ላይ እንደታሰረ። የፊተኛዋ "ውይ ቲቸር!" ብላ ቆመች። ያስተማርኳት ናት፤ ስሟ አልመጣልኝም። ዓይኗ ሱሪዬ ላይ አረፈ። ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ ጉልበቴ ላይ አለበሰችኝና "አይዞዎት" አለች።

"ሰይድ?" አልኳት።

ፊቷን አዞረች። "ይመጣሉ" አለች።

ታደሰም የቀፎውን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ቃሬዛ ሠሩ፤ መተኛት ስላልቻልኩ እንደ ወንበር ቀና አድርገው ተሸከሙኝ። በየመቶ እርምጃው እየተቀያየሩ ነው የወጡት። ሰይድስ ስል እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። መኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ ሌላ ቃሬዛ መሬት ላይ ተቀምጦ አየሁ። ላዩ የተኛው ሰው አንደኛው እግር ላይ እስኒከር አልነበረም።

ሰይድ መንታ መንገዱ ላይ ስቶ በተሳሳተው ወርዶ ነበር። እየሮጠ። ገደል ገብቶ ዳሌው ተሰበረ። እዚያው ወድቆ እየጮኸ ነው ቡና ለቃሚዎቹ ያገኙት። ሊያነሱት ሲሉ "እኔን ተዉኝ፣ ዋርካ ስር፣ ቀፎ አጠገብ፣ ሰው እየሞተ ነው" ብሎ ነው የላካቸው። ከመንደሩ ተደውሎለት የመጣው አምቡላንስ ውስጥ ጎን ለጎን አደረጉን። "ሰይድ" አልኩት። ዓይኑን ከፈተ፣ ደረቴ መነሳት መውረዱን አየ፣ መልሶ ጨፈነ።

እኔ በኦክስጅንና በመርፌ በስድስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። እሱን ወደ ጅማ ወሰዱት፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሲመለስ በሁለት ክራንች ነው። ሐኪሞቹ ከቤት እስከ ደጅ ካልሆነ መንገድ የሚባል ነገር እንዳይጠብቅ ነግረውታል። ልጠይቀው ሄድኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። ባለቤቱ እትዬ ዘሃራ እስከ በሩ ሸኝታኝ፣ "ጋሽ አድማሱ፣ አይቀየሙት፣ ሕመሙ ነው" አለችኝ። ሕመሙ እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ያ ሰውዬ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት።

በረንዳዬ ላይ ተመለስኩ። ኪኒኔን በአስቴር ፊት እውጣለሁ፣ ጨው አልነካም፣ ግን አልራመድም። የሚያራምደኝን ሰው ሰብሬ በምን እግሬ ልራመድ? እግሬ ደግሞ ማበጥ ጀመረ። ልቤ የቱን ያህል እንደደከመ ሳይሆን፣ የቱን ያህል መኖር እንደማልፈልግ ነበር በየቀኑ የምለካው።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የሰይድ ቁጥር ነው። አነሳሁት።

"የት ነህ?" አለኝ። ሰላም አላለኝም።

"ቤት።"

"ተቀምጠህ?"

"አዎ።"

"እኔ ዳሌዬን የሰበርኩት አንተ በረንዳ ላይ እንድትቀመጥ ነው? ቁም!"

ቆምኩ።

"ወስደሃል?"

አፌ በልማዱ ሊመልስ ተከፈተ። ዘጋሁት። ኪኒኖቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ገና አልዋጥኳቸውም። "አልወሰድኩም" አልኩት።

በስልኩ ትንፋሹን ሰማሁ። ከዚያ "እየሰማሁህ ውሰድ" አለኝ። ውኃውን ስጎነጭ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁለት። "አሁን ውጣ። እኔ ያንን መንገድ ከእንግዲህ አላየውም። እየሄድክ የምታየውን ሁሉ ንገረኝ። ዝም ካልክ እንደቆምክ አውቃለሁ፤ ካልቆምክ ደግሞ ትሞታለህ፤ ከሞትክ ይቅር አልልህም።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ልባችሁ ደክሞ ዕድሜያችሁ የገፋ፣ ስለ ኪኒኑ ዶክተራችሁ ይንገራችሁ፤ እኔ የሰፈር ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ይህንን ብቻ ነው። አጠገባችሁ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው "ወስደሃል?" ሲላችሁ ስለ ኪኒን ብቻ የሚጠይቃችሁ እንዳይመስላችሁ። እሱ በመልሳችሁ ላይ ተመሥርቶ ነው እግሩን የሚያነሳው። እኔ የዋሸሁት ስለ ራሴ ልብ ነው ብዬ ነበር፤ የተሰበረው የሌላ ሰው ዳሌ ሆነ። ደግሞ ሰው ይስቅብኛል ብላችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ ዋርካ ስር ሆናችሁ ሳይሆን ዛሬ፣ በሚኒባሱ ውስጥ፣ ይሳቅባችሁ። ሳቁ መኪናው እስኪቆም ብቻ ነው።

አሁን በየጠዋቱ እንዲህ ነን። እኔ በጆሮ ማዳመጫ፣ እሱ በባጃጅ ተወስዶ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ። የማያውቀኝ ለብቻው የሚያወራ ያበደ ሽማግሌ ይለኛል። ዛሬም መናኸሪያውን አልፌ፣ "ነጭ ሚኒባስ እየጫነ ነው፤ የኮረሪማ ነጋዴዋ አዲስ ጃንጥላ ገዝታለች፣ ቀይ ነው፤ ሁለት ባጃጅ ተጋጭተው እየተጨቃጨቁ ነው" አልኩት።

"ማን ነው ጥፋተኛው?"

እየሳቅኩ ጥቂት ዘገየሁ።

"አድማሱ!" ብሎ ጮኸ።

"አለሁ፣ ሽንቴ መጥቶ ልቆም ነው" አልኩት፤ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ቁም፣ እጠብቅሃለሁ" አለኝ።